ከጥምቀት እስከ ቅበላ፦ ከተንቀሳቃሽ ዲጄ ጋር የሥራ ማስታወሻ

ደብረ ማርቆስ፣ የጥምቀት ማግስት

ዘንድሮ ከጥምቀት እስከ ቅበላ ያለውን የሠርግ ወቅት ደብረ ማርቆስ ከሚኖር አንድ ተንቀሳቃሽ ዲጄ ጋር ረዳት ሆኜ እየሠራሁ ነው። ዕቃ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ፣ ኬብል እዘረጋለሁ፣ ጄኔሬተር እጠብቃለሁ፤ ሌሊት ደግሞ ሁሉንም ጠቅልዬ መልሼ እጭናለሁ። ዘፈኑ የእሱ ነው። ይህን የምጽፈው በየሠርጉ ያየሁት እንዳይረሳኝና ነገ ይህን ሥራ ለሚይዝ ልጅ እንዲጠቅመው ነው።

ዛሬ ዕቃ ስንቆጥር ዋልን። አምፕሊፋየራቸው ውስጣቸው ያለ ሁለት ባለ 15 ኢንች ሞንታርቦዎች (ትልልቅ ስፒከሮች)፣ አንድ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር)፣ ሚክሰር (የሁሉንም ድምፅ የሚያቀላቅለው ዕቃ)፣ ላፕቶፕ፣ ገመድ አልባና ባለ ገመድ ማይኮች፣ መብራቶች፣ ስታንዶች፣ ባለ 5 ኬቪኤ የቤንዚን ጄኔሬተር። ገንዘብ የወጣባቸው እነዚህ ናቸው፤ ሠርግ ላይ የሚያዋርዱት ግን ኬብሎቹ ናቸው። አብዛኛው ኬብል የሚበጠሰው መሐሉ ላይ አይደለም፣ አንገቱ ላይ ነው፤ ሽቦው ከፕላጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። እያንዳንዱን ሰክተን አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያጠፍን አዳመጥን። የተንኮሻኮሸውን ሁሉ በካቻቢቴ ከፍተን፣ ጫፉን ቆርጠን፣ እንደ አዲስ በየድን።

የማይክ ኬብል ለምን ሦስት እግር እንዳለው ዛሬ ገባኝ። ውስጡ ሁለት ሽቦና ዙሪያቸውን የሚሸፍን መረብ አለ። ሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ድምፅ በተገላቢጦሽ ይሸከሙታል፤ መንገድ ላይ የሚገባ ርብሻ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። ሚክሰሩ አንደኛውን መልሶ ሲገለብጠው ድምፁ ይደመራል፣ ርብሻው ይጠፋፋል። ስለዚህ ይህ ኬብል 30 ሜትር ቢጎተትም ንጹሕ ነው። ከላፕቶፑ የሚወጣው ቀጭን ጃክ እንዲህ ያለ መከላከያ ስለሌለው ላፕቶፕና ሚክሰር ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው።

አጠቃለሉንም አሳየኝ። በክርን ላይ መጠምጠም ክልክል ነው፤ ሽቦውን ውስጥ ለውስጥ ይጠመዝዘዋል። አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ከሥር አዙሮ መያዝ ነው። እንዲህ የተጠቀለለ ኬብል አንዱን ጫፍ ይዘው ቢወረውሩት ሳይቋጠር ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። እጄ እስኪለምደው ድረስ ማታ ማታ ቤት ወስጄ እለማመዳለሁ።

አማኑኤል፣ ቅዳሜና እሑድ

ከማርቆስ ወደ ደንበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከተማዋ ዳር ያለ ሠርግ ነው። ዳሱ በባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ሸራ ተወጥሮ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቆጣሪው የት ነው?

ቆጣሪው ከዳሱ 50 ሜትር ያህል ይርቃል። የቤቱ ልጆች ቀድመው የዘረጉት ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ነበር። ዲጄው ወረቀት አውጥቶ አስላልኝ፦ መሄጃና መመለሻው 100 ሜትር ሽቦ ነው፤ የዚህ ውፍረት መዳብ በ100 ሜትር 1.2 ኦም ገደማ ይቋቋማል፤ 10 አምፔር ስንስብበት 12 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በባለ 2.5 ገመድ ቢሆን ወደ 7 ቮልት ዝቅ ይላል። 220 ሙሉ ሆኖ ቢመጣ 12 ቮልት መጉደሉ አያስጨንቅም ነበር፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ሲያበራ ግን ከቆጣሪው ራሱ የሚመጣው 220 አይደለም። ገመዱን ቀየርነው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ሙከራ ላይ ሳለን ሚክሰሩ በድንገት ጠፍቶ በራ፣ ደግሞ ጠፋ። ማጀት ስንሄድ እንጀራ እየተጋገረ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ይህ 15 አምፔር ያህል ነው፤ ከእኛ ዕቃ ሁሉ ይበልጣል። ዲጄው ለጋጋሪዋ፣ «እትዬ፣ እስቲ ለትንሽ ጊዜ ይነቀልልን» አላቸው። እሳቸውም፣ «እንጀራው ሳይወጣ ዘፈኑን ማን ይበላዋል ልጄ?» አሉት። ትክክል ናቸው። እሱም አልተከራከረም፤ የቤቱ መስመር ለማጀት ተለቀቀ፣ እኛ ወደ ጄኔሬተር ዞርን።

ከዚህ ወዲያ ውል ስንይዝ የምንጠይቀው ጥያቄ ተጨመረ፦ ምጣዱ በየትኛው ሰዓት ይሰካል? ሙሽራው ቤትም ሙሽሪት ቤትም ይጠየቃል። ቢቻል እናትየውን ወይም የማጀቱን ኃላፊ ነው ማናገር፤ አባትየው ስለ ምጣድ አያውቅም።

ጄኔሬተሩን ከዳሱ ራቅ አድርገን፣ ጭሱ ወደ ሰውም ወደ ማጀትም እንዳይነፍስ አድርገን አቆምነው። የቤንዚን ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ጄኔሬተር ዳስ ውስጥ ወይም ጎተራ ሥር አይገባም። ቤንዚን ሲጨመር ሞተሩ ይጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሲጋራ የያዘ ሰው ይርቃል። ይህን እኔ ነኝ የምጠብቀው፤ እንግዳ ቢቆጣኝም አልለቅም።

አበራርና አጠፋፍ ቅደም ተከተል አለው። ሲበራ ከላፕቶፕና ከሚክሰር ተጀምሮ ሞንታርቦ በመጨረሻ ነው፤ ሲጠፋ ሞንታርቦ ይቀድማል። ይህ ካልተጠበቀ ያ ዳሱን የሚያስደነግጥ ጓ! የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ስፒከሩንም ይጎዳል።

ስናን፣ ወደ ጮቄ በኩል

ከማርቆስ ወደ ጮቄ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ላይ ነው ሠርጉ። ፒክአፑ ላይ ቤዙን ከካቢናው ኋላ፣ ሞንታርቦዎቹን ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረን፣ ጄኔሬተሩን ከጫፍ አሰርነው፤ መጀመሪያ የሚፈለገው መጨረሻ ይጫናል። የጥር አቧራ ስለሚገባ ሁሉም በብርድ ልብስና በላስቲክ ተሸፍኗል።

እዚህ የተማርኩት ከፍታ ጉልበት እንደሚበላ ነው። አየር በሳሳ ቁጥር ሞተር የሚያቃጥለው ኦክስጅን ይቀንሳል። ለተራ የቤንዚን ሞተር የተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት መቀነስ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ማርቆስ ላይ እንኳ ከሩብ በላይ ይጎድላል። 5 ኬቪኤ የሚለው የጀርባው ጽሑፍ በኪሎ ዋት ሲመነዘር 4 አካባቢ ነው፤ ከዚያ ላይ ሩቡን ሲቀንሱ ከ3 በታች ይቀራል። ስናን ደግሞ ከማርቆስ በላይ ነው። ሞተሩ ቤንዚን እየበዛበት ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ካንዴላው በጥላሸት ጠቆረ። ዕቃ ሻጭ ይህን አይነግርም፤ ጎጃም ደጋ ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን ጄኔሬተር ሲገዛ ያስፈልገኛል ካለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቤዙን አወጣነው፣ ከመብራቶቹም ግማሹን ነቀልን። የሚገርመው ማንም ቤዝ አልጠየቀም። የስናን ሰው እስክስታ የሚወርደው በትከሻ ነው፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ከበሮውና ጭብጨባው ነው፣ እነዚያ ደግሞ ከሁለቱ ሞንታርቦዎች በደንብ ይወጣሉ።

ሌሊቱ ውርጭ ነበር። ዕቃው ውጭ መኪና ላይ አድሮ ጠዋት በሰውና በእሳት የሞቀ ዳስ ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይ ላበት ያወጣል፤ ውስጡም እንዲሁ። ስለዚህ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሰካ ይቆያል። የሙሽራው ታላቅ ወንድም እየደጋገመ «አይጀመርም እንዴ?» ይላል፤ ሻይ አምጣልንና እንጠጣ ተባብለን ጊዜው አለፈ።

ፍኖተ ሰላም

አዳራሽ ነው። ከተማዋ ከማርቆስ ዝቅ ያለች ወይና ደጋ ስለሆነች ጄኔሬተሩ ነፍስ ዘራ፤ ለነገሩ መብራትም አልጠፋም። ችግሩ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ መሆኑ ነው። መሐል ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ሳጨበጭብ ድምፁ እየተመላለሰ ቆየ። ሞንታርቦዎቹን ወደ ሰው ትንሽ አጎንብሰን ከግድግዳው አራቅናቸው። ሰው ሲሞላ የሰዉ ገላና ልብስ ድምፁን ስለሚውጠው ግማሹ ችግር ተቃለለ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተስተካከለ ድምፅ ሰው ሲገባ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሙከራው ላይ ጨርሶ ማስተካከል ድካም ነው።

ደንበጫ

የዚህን ሠርግ ነገር ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ።

ስንሰካ ሞንታርቦው እምም… ይላል። ይህ ድምፅ ከመብራቱ የሚመጣ ነው፤ የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ርብሻው በ50 ወይም በ100 ኸርዝ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ ሞንታርቦው ከሌላ ሶኬት መሳባቸውና የመሬት ሽቦው በሁለት መንገድ ዞሮ መገናኘቱ ነው። ቦታው ላይ የነበረ አንድ የሠፈር ኤሌክትሪሻን «የመሬት እግሩን ቁረጡት፣ ዝም ይላል» አለን። በእርግጥ ዝም ይላል። ግን ሰው ይገድላል።

ዳስ ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቄጠማው እርጥብ ነው፣ ላዩ ላይ ጠላ ይፈስሳል። የመሬት ሽቦ የሌለው ሚክሰር ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ ኤሌክትሪኩ በኬብሉ መረብ በኩል እስከ ብረቱ ማይክ ድረስ ይመጣል። ያንን ማይክ የሚይዘው ደግሞ ባዶ እግሩን ቄጠማው ላይ የቆመ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ዲጄው ከኪሱ ካቻቢቴ አውጥቶ የቤቱን ዲቫይደር ነቅሎ ከፍቶ ፈተሸው፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተገናኘም ነበር። የራሳችንን ዲቫይደር አወጣን፣ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት ሳብን፣ ውጭ እርጥብ መሬት ላይ የብረት ዘንግ ቀብረን የጄኔሬተሩን አካል አሰርንበት፤ የቤቱን መስመር ተውነው። እምምታው ሄደ። ከላፕቶፑ በኩል የቀረችውን ትንሽ ድምፅ ቻርጀሩን ስንነቅል እሷም ጠፋች፤ ላፕቶፑ በባትሪ ሠራ።

ሰው ማይክ ሲይዝ ከንፈሩን ነዝሮት እየሳቀ የሚያልፍበትን ሠርግ ከዚህ በፊት አይቻለሁ። የሚሳቅበት ነገር አይደለም። ይህን የሚያነብ ረዳት ካለ፦ እምምታ ካስቸገረህ እምምታውን ታገሥ፣ የመሬት ሽቦውን ግን አትቁረጥ።

ኬብሎቹን ቄጠማ ሥር አልቀበርንም። በዳሱ ጠርዝ አስኬደን በፕላስተር ያዝናቸው፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ከላይ አሻገርናቸው፤ ሙሽሪት ቬሎዋን እየጎተተች በኬብል ላይ እንዳትሻገር። ስታንዶቹን በባሕር ዛፉ ቋሚ ላይ አላሰርንም፤ ዳሱ በነፋስ ሲወዛወዝ አብሮ ይጎትታቸዋል። እግሮቻቸው ሰፊ ተከፍተው ላያቸው ላይ የአሸዋ ማዳበሪያ ተጫነ።

የነነዌ ጾም

ሥራ የለም። ስታንዶቹን ዘይት ቀባሁ፣ የሞንታርቦዎቹን ወንፊት አቧራ በብሩሽ አራገፍኩ፣ የገመድ አልባ ማይኮቹን ባትሪ ለየሁ። ዲጄው የዘፈን ማኅደሩን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጠ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ከድሮ ካሴት የተገለበጡት ዘፈኖች ከአዲሶቹ በጣም ዝቅ ብለው ስለሚሰሙ አንድ በአንድ ድምፃቸውን እያስተካከለ ነው። አረጋውያን የሚጠይቁት እነዚያን ነውና።

ወደ ቢቸና፣ ገጠር

ትልቅ ዳስ ነው፣ ርዝመቱ ከ30 ሜትር በላይ። እዚህ ሁለት ነገር ገጠመን።

አንደኛው የሴቶቹ ከበሮ ነው። ከበሮ መቺዎቹ ከዳሱ ወዲያኛው ጫፍ ተቀምጠው ሲጨፍሩ ዲጄው ዘፈን ከፍቶ ሊያጅባቸው ሞከረ፤ አልገጠመም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ 34 ሜትር ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ጭብጨባ ላይ ይህ ብዙ ነው፤ የእነሱ ምት እኛ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የእኛም እነሱ ጋ እንዲሁ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ዘፈኑን ዘጋ። የሙሽራው አክስቶች እየዘፈኑ እያለ ሞንታርቦ ሊሸፍናቸው አይገባም። በኋላ ወደ እኛ ቀረቡ፣ አንድ ማይክ በስታንድ ላይ በትንሹ ተከፈተላቸው፣ ዳሱም ተቀበላቸው። ከሠርጉ ሁሉ ያማረው ሰዓት ይህ ነበር።

አዝማሪም መጣ። ማሲንቆ ላይ ማይክ ስናስጠጋ ወደ ፈረስ ጭራው ጅማት ሳይሆን ወደ ቆዳው ነው፣ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ራቅ አድርጎ፤ የማሲንቆው ገላ ድምፁን የሚያጎላው እዚያ ነው። ለአፉ ሌላ ማይክ ተደረገ። አዝማሪ የሚኖረው በግጥሙ ነው፤ ሰው ስሙ ተጠርቶ ግጥሙ ካልተሰማው ብር አይሸልምም። ስለዚህ ዲጄው ከማሲንቆው ላይ መሐለኛውን ድምፅ ትንሽ ቀንሶ ለቃሉ ቦታ ለቀቀለት።

ሁለተኛው ምርቃቱ ነው። ይህን ሥራ ስጀምር ትልቁ ነገር ጭፈራው ይመስለኝ ነበር። አሁን የማስበው ሌላ ነው፦ በአንድ ሠርግ ላይ ሊጠፋ የማይገባው ድምፅ የሽማግሌው ምርቃት ነው። ጭፈራ ቢቋረጥ መልሶ ይጀመራል። «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» ሲባል ሰው ሁሉ ካልሰማ ግን አሜን የሚለው የፊት ረድፍ ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ሽማግሌ ማይክ ይዞ አለማወቁ ነው። ማይኩን ሆዱ ላይ ይይዘዋል፣ ዲጄው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሽማግሌው እየመረቀ ወደ ሞንታርቦው ፊት ይሄዳል፣ ወዲያው ፉጨት። ፉጨቱ ማይኩ ከሞንታርቦው የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲለቅመውና ሲዞር የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ሞንታርቦዎቹ ሁልጊዜ ከመራቂዎቹ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ይቆማሉ። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ ማይኩን ራሴ እይዝላቸዋለሁ፣ ከአፋቸው አራት ጣት ያህል። «አባቴ፣ እኔ ልያዝልዎ» ስላቸው እጃቸው ነጻ ወጥቶ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ምርቃቱም ያን ጊዜ ይረዝማል።

የሞንታርቦ ቁመትም እዚሁ ነው የገባኝ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይወርዳል። ከሞንታርቦው 2 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰውና 16 ሜትር ላይ ላለው መሐል ርቀቱ ሦስት ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል፤ የ18 ዴሲቤል ልዩነት ነው። ኋላ ያለው እንዲሰማ ሲባል ፊት ያለው ይደነቁራል። ፊት የሚቀመጡት ደግሞ ካህናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ስታንዱን ከቆመ ሰው ራስ በላይ ከፍ አድርገን የፊቱን መቀመጫ ወደ 4 ሜትር ስናርቅ ልዩነቱ ወደ 12 ወረደ። ከዚያ በኋላ አንድ አባት ጎረቤታቸውን ሳይጮኹ ሲያጫውቱ አየሁ።

ከሞንታርቦው ፊት ልጅ ያዘለች ሴት ከተቀመጠች ሄጄ ቦታ እቀይርላታለሁ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሞንታርቦ ፊት ለፊት 100 ማለፍ ቀላል ነው። ለራሴም የጆሮ መድፈኛ ገዝቻለሁ። ዲጄው አያደርግም፤ እንዲያደርግ እየነገርኩት ነው።

ቅበላ

የወቅቱ የመጨረሻ ሠርግ እዚሁ ማርቆስ ሆነ። ያለ ችግር አለፈ፤ የሚጻፍ የለውም። ሌሊት ስንጠቀልል ኬብሎቹ ሁሉ ሳይቋጠሩ ገቡ።

ዕቃው ለጾሙ ገብቷል። ጄኔሬተሩ ሳይሠራ ስለሚቆይ ቤንዚኑ ከታንኩም ከካርቡራተሩም ወጥቷል፤ ከቆየ ዝቃጭ ሠርቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ካንዴላው ተቀየረ። የገመድ አልባ ማይኮቹ ባትሪ ወጣ። የቀረው፦ ሁለተኛ ባለ 2.5 ገመድ መግዛት፣ የራሳችን ብሬከር ያለው የመብራት ሳጥን ማሠራት፣ ለመራቂዎች ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ማይክ መፈለግ። ለዳግማይ ትንሣኤ ደጀን ላይ ሠርግ ተይዟል። የሙሽሪትን እናት ስለ ምጣዱ ትናንት በስልክ ጠይቄአቸዋለሁ፤ በእንጨት ነው የምንጋግረው ብለውኛል።